እሜቴ እንዳትበላ

ሥራው መያዝ ነበር።

ሐኪሟ ትመረምራለች፣ ትወጋለች፣ ትሰፋለች፤ እሱ ይይዛል። የሚናከስ ውሻ ይይዛል፣ የሚቧጭር ድመት ይይዛል፣ አንዴም ክንፉ የተሰበረ በቀቀን ይዞ ሲሰደብ ውሏል። በእንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም። «ያዡ» ነው የሚሉት። «ያዡን ጥሩልኝ»፣ «ያዡ የት ገባ?» ይባላል። በር ላይ የሚለጠፍ ማዕረግ አይደለም። በሐኪሟ እጅ ላይ ጠባሳ የሌለው ግን በእሱ እጅ ላይ ስላለ ነው፤ ለዚህም ማንም አመስግኖት አያውቅም።

ቂምም ይይዝ ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ሲያባርረው መምህሩ ምን እንዳለው ቃል በቃል ያስታውሳል። በታናሽ ወንድሙ ሠርግ ከሾፌሮች ጋር እንዳስቀመጡት ያስታውሳል። ቀደም ሲል የወደዳት ልጅ እናት «እጁ ውሻ ውሻ ይላል» ብላ በእንግዳ ፊት ሳሙና እንዳቀረበችለት ያስታውሳል፤ ያቺን ሴት መንገድ ላይ ሲያያት ዛሬም ማዶ ይሻገራል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉታል ጓደኞቹ። «እርሳው በቃ» ይሉታል። መርሳት ቀላል ነው። ለሰደበው ማለቴ ነው።

እሷ ወደ ክሊኒኩ የመጣች ዕለት ድመቷን የያዘችው በስፌት መኪናዋ የእንጨት ክዳን ውስጥ ነበር። ክዳኑን ገልብጣ፣ ውስጡን በጨርቅ ደልድላ፣ ከላይ መረብ ሰፍታበታለች። ልብስ ሰፊ መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ እጅጌዋ ላይ ክር ተንጠልጥሏል።

«ስም?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

«የእኔ ነው የእሷ?»

«የታማሚዋ።»

«እሜቴ።»

«ወይዘሮ ናት ወይዘሪት?»

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። ይህቺን እንግዳ ተቀባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሁሉ ይደነግጣል። የክትባት ቀጠሮንም፣ የውሻ ሞትንም፣ ቀልድንም የምትናገረው በአንድ ድምፅ ነው። ትቀልድ ትቆጣ ፊቷ አይናገርም።

ያዡ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ «እየቀለደች ነው» አላት።

ያኔ ሳቀች። ከሆዷ ተነስቶ ትከሻዋን የሚያንቀጠቅጥ፣ እንደ ስፌት መኪና ተንተክትኮ ድንገት የሚቆም ሳቅ ነበር። ያዡ ጥርሷን አየ። የፊት ጥርሷ ጫፍ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለች፤ ዘመኗን ሙሉ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ያመጣችው። ከዚያ በኋላ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

ምርመራው ክፍል ውስጥ ሐኪሟ «አፏን ክፈትልኝ» አለችው።

ያዡ እሜቴን በፎጣ አቅፎ ከንፈሯን ገለጥ አደረገ። ብዙ አፍ አሽትቷል፤ ያን ቀን ግን ትንፋሹን ዋጠ። ድዷ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል። የመንጋጋ ጥርሶቿ በደረቀ ቆሻሻ ተለብጠው ድንጋይ መስለዋል፤ አንዱማ ሲነካ ይወዛወዛል።

«ስኳር እንዳለባት የታወቀው መቼ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። የእሱ ድመት ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሱም ስኳር ነበረበት። ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊኗን ትወጋልኛለች። መርፌው ግን አልያዘላትም። ስትጠጣ ነው የምትውለው። ትከሳለች። ምግቧን አሽትታ ትታው ትሄዳለች።»

«ቢርባትም አፏ ስለሚያማት ነው። መርፌውም ያልያዘላት ከዚሁ የተነሳ ነው። የድዷ ቁስል ስኳሩን ያስነሳዋል፤ ስኳሩ ደግሞ ቁስሉን አላድን ይላል። አንዱ አንዱን ይመግባል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ስኳሯን ትንሽ እናረጋጋና በማደንዘዣ አስተኝተን የበሰበሱትን እንነቅላለን፣ የቀሩትን እናጸዳለን። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ጥርሷን ትቦርሺያታለሽ።»

«የድመት ጥርስ?»

«የድመት ጥርስ። በሰው የጥርስ ሳሙና አይደለም፤ እሱ ይጎዳታል። የእነሱ አለ። ለአሁኑ ድዷ ስለቆሰለ ብሩሽ አይነካትም። አፏን መነካት ብቻ አለማምጃት።»

«ስታስተኟት... ትነቃለች?»

ሐኪሟ እጇን ልትታጠብ ዞረች። የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣበት እጁን መታጠብ ይወዳል። «ስኳር ያለበት ሁሉ ያሰጋል» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች።

«ትነቃለች» አለ ያዡ። «እኔ ይዣት እቆያለሁ።»

ማን ጠየቀው? ማንም።

*

ማታ ማታ እየመጣ ሊይዝላት፣ ቤቷ በእሱ መንገድ ላይ እንደሆነ ነገራት። ቤቷ የከተማው ሌላ ጫፍ ነበር።

የፊተኛው ክፍል መሥሪያዋ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ ራስ የሌላት የልብስ አሻንጉሊት፣ ግድግዳው ላይ ባለቤታቸውን የሚጠብቁ እጅጌዎች። ከመኪናው ፊት ለፊት የአባቷ ወንበር አለ። እሜቴ የምትተኛው እዚያ ነው። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።

ያዡ ከሥራ ሲወጣ ይመጣና እሜቴን ጉልበቱ ላይ በፎጣ ጠቅልሎ ይይዛታል። ልብስ ሰፊዋ ጣቷን የዓሣ መረቅ ውስጥ ነክራ ከንፈሯን ትነካታለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሜቴ ያሳየቻቸው ክራንቻዋን ብቻ ነበር።

«ቀስ ብለው» ይላታል። «አፉን ያመመው ፍጡር፣ የሚነካው እጅ ሁሉ ሊያሳምመው የመጣ ይመስለዋል። እስኪያምን ጊዜ ይፈልጋል።»

«ስለ እሜቴ ነው የሚያወሩት?» አለችው አንድ ቀን።

እሱ ፎጣውን አጥብቆ ጠቀለለ። እሷም የስፌት መኪናዋን መዘውር በጣቷ አንዴ አዞረችና ተወችው።

አንድ ምሽት ነርሷ ጎረቤት ተረኛ ሆና ቀረች። መርፌው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ ቆማ ታየዋለች።

«ዕድሜዎን በሙሉ መርፌ ይዘው ውለው አድረው ይቺን ይፈራሉ?» አላት ሊያስቃት።

«አባቴን እስከ መጨረሻው የወጋሁት እኔ ነኝ» አለች። «በመጨረሻዋ ጠዋት ወግቼው ቁርሱን ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፏል። ከዚያ ወዲህ እጄ እምቢ አለኝ። ይሰፋል፣ ይቆርጣል፤ ያቺን ግን አይነካም።»

ያዡ እሜቴን በግራ ክንዱ አቀፈና ቀኝ እጁን ዘረጋላት። እጇን በእጁ ውስጥ አስቀመጠች። የእሜቴን ቆዳ ከትከሻዋ ላይ አነሳ አድርገው አብረው ወጓት። እሜቴ አላወቀችም፤ ሳህኗን እየላሰች ነበር።

ልብስ ሰፊዋ መርፌው ካለቀ በኋላም እጇን አልሳበችም። ሁልጊዜ «ይያዙልኝ» የምትለው ሴት፣ ያን ምሽት ወደ መሬት እያየች፣ «ትንሽ ያዝልኝ» አለችው።

«እርስዎ» እዚያ ላይ አለቀ።

*

ከጥርስ ነቀላው በፊት በነበረው ቀን ሐኪሟ ያዡን ጠርታ መልእክት ሰጠችው። ድመቷ ጠዋት ምግብ አትቅመስ፤ ባዶ ሆዷን ሙሉ መርፌ ከተወጋች ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች፤ ስለዚህ ግማሹ ብቻ ይሰጣት። ያዡ ከክሊኒኩ ስልክ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ደወለ።

«ሃሎ!» የወንድ ድምፅ።

ያዡ ወንድ አልጠበቀም። ደንግጦ ሰላምታውን ዘለለና ወደ ጉዳዩ ገባ። «ነገ ጠዋት እንዳትበላ።»

«ምን አልክ?»

«እንዳትበላ። ውሃ ችግር የለውም። መርፌውም ግማሹን ነው።»

«አንተ ማነህ? በአባቴ ቤት እኔን እንዳትበላ የምትለኝ?»

«አይ፣ እሜቴን ነው...»

«ታዲያ "እሜቴ እንዳትበላ" አትልም ነበር?»

ከኋላ ያቺ ሳቅ ተንተከተከች። «ጋሼ፣ አምጣው በናትህ፣ የድመቷ ነው!»

ቋንቋችን እንዲህ ነው። «እንዳትበላ» ሲባል አንተም ትሆናለህ፣ እሷም ትሆናለች። የሚለየው በተናጋሪው ድምፅ ነው። ጋሼ የተባለው ታላቅ ወንድሟ ነበር፤ ሌላ ከተማ የሚኖር መሐንዲስ፤ አባታቸው ሲታመም ሥራ የበዛበት፣ አባታቸው ሲሞት ስለ ቤቱ ጊዜ ያገኘ ሰው። ከዚያች ስልክ ጀምሮ በያዡ ላይ ጥርሱን ነከሰ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ያዡ እንዳለው እሜቴን ሳይለቅ ቆየ። ሐኪሟ የበሰበሱትን ስትነቅል፣ የቀሩትን ስታጸዳ፣ በየመሀሉ ስኳሯን ስትለካ፣ እጁ የእሜቴ ደረት ላይ ነበር፤ ትንፋሿ ከፍ ዝቅ ሲል በመዳፉ ይሰማዋል። ነቅታ ቀና ስትል በፎጣ ጠቅልሎ ይዟት ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። መጠየቅ ፈርታ ፊቱን አየች።

«ነቅታለች» አላት። «አንድ ክራንቻ ቀርቷታል። እሱም እኔን መንከሻ ነው።»

ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ እሜቴ በመካከላቸው። እንግዳ ተቀባይዋ ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ፣ «ኮሪደሩ መተላለፊያ ነው» አለች። ትቀልድ ትቆጣ አልታወቀም።

*

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት የያዡ ዘመን ነበሩ። ሰው በሕይወቱ ደስ ያለውን ጊዜ ቁጠር ቢባል እነዚያን ነው የሚቆጥረው።

እሜቴ መብላት ጀመረች። ድዷ ያን ቅላቱን ትቶ ሮዝ መሰለ። ስኳሯ ወረደ፤ ሐኪሟ የመርፌውን መጠን ቀነሰች፣ ቀጥላም ቀነሰች። ቁስሉ ሲጠግ ብሩሹ መጣ፤ ራሱ የሕፃን ጥፍር የምታህል ብሩሽ። ማታ ማታ ያዡ ይይዛል፣ ልብስ ሰፊዋ ትቦርሻለች፣ እሜቴ በንቀት ግድግዳ ታያለች።

ሲጨርሱ ዳቦና ሻይ ታቀርብለታለች። ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ ድምፅዋን እንደ ወንድሟ ጎርናና አድርጋ፣ «እንዳትበላ» ትለዋለች። እሱም ይበላል። የእነሱ ቋንቋ ሆነ። ወንበር እየሳበች «እንዳትቀመጥ» ትለዋለች። በር ድረስ ትሸኘውና፣ «ነገ እንዳትመጣ» ብላ ያቺን ሳቋን ትስቃለች። በማግስቱ ይመጣል።

አንድ ቀን ክንዱን በሜትር ለካችው። «ለምንድን ነው?» ሲላት «ዝም ብለህ ቁም» አለችው። ሜትሩ ትከሻው ላይ ቆየ፤ ከሚያስፈልገው በላይ። በሌላ ቀን ነጭ ሸሚዝ አጣጥፋ ሰጠችው። ሰው በልኩ ሰፍቶለት አያውቅም ነበር። ቤቱ ወስዶ ምስማር ላይ ሰቅሎ ያየዋል እንጂ አልለበሰውም።

ደግ ነገር ሲመጣበት አድራሻ ተሳስቶ የመጣ ነው የሚመስለው። እንዲህ ዓይነት ሰው መውደድ ከባድ ነው። እሷ ወደደችው።

አንድ ዓርብ ሲገባ መሐንዲሱ በር ላይ ቆሞ አገኘው። ወንድሟ ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተ ነህ የድመቷ ሞግዚት?»

«ነኝ» አለ ያዡ።

«ጎሽ። ድመቷማ ድናለች አሉ። አሁን ሌላ ሥራ ፈልግ» ብሎት በአጠገቡ አልፎ ወጣ።

ገብቶ ሲቀመጥ ልብስ ሰፊዋ ብሩሹን ይዛ ጠበቀችው። «እየኝ» አለችው። እሜቴ ወንበሯ ላይ እንደተኛች፣ ማንም ሳይነካት፣ ከንፈሯን ስትገልጥላት ዝም አለች። ብሩሹ ወዲያና ወዲህ ሄደ። «አየህ? አሁን ያዥ አያስፈልጋትም!»

ከደስታ ነበር ያለችው። እሱ ግን የተናገረችውን ሳይሆን በር ላይ የሰማውን ሰማ። ፎጣውን አጣጥፎ አስቀመጠ።

እሷ አላየችም። ብሩሹን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «ጋሼ ለቤቱ ገዢ አግኝቷል» አለች። «ወደ ራሱ ዘንድ ሊወስደኝ ነው። ልጆቹን እያየሁ እዚያው እንድሰፋ። እሑድ ምሳ ላይ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል።»

«እምቢ በዪው።»

«"ለማን ብለሽ ነው የምትቀሪው?" ይለኛል።» ዞር አለች። «ምን ልበለው?»

እሜቴ አዛጋች፤ አንዲቷ ክራንቻ ታየች። ያዡ እጆቹን ተመለከታቸው፤ ጠባሳቸውን፣ ያረጀውን ጭረት። ከዚያ ቀና አለ።

«እሑድ ለምሳ እመጣለሁ። ራሴ እነግረዋለሁ። "ለእኔ ብላ ነው" እለዋለሁ።»

አንዲት ክር ከእጅጌዋ መዝዛ በጥርሷ በጠሰች፤ ምክንያት አልነበረውም፤ ፊቷን መደበቂያ ነው።

«ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያዡ አንድ ትልቅ ውሻ አጥቦ፣ የሥራ ጋዋኑን አርጥቦ፣ በኮሪደሩ ሲያልፍ እንግዳ ተቀባይዋ ጠራችው።

«አንተ። ያቺ ልብስ ሰፊ ደውላ ነበር።»

«እሺ እትዬ?»

«"እሑድ እንዳትመጣ" በዪልኝ ብላለች።»

የክትባት ቀጠሮ በምትናገርበት ድምፅ። የውሻ ሞት በምትናገርበት ድምፅ።

ያዡ ቆመ። ከጋዋኑ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ብላ? እንዴት ብላ?» ይል ነበር። እሱ ግን ይህን ቃል ዕድሜውን በሙሉ ሲጠብቀው የኖረ ነው። መምህሩ ብሎታል፣ የሠርጉ አስተናጋጅ ብሎታል፣ ሳሙና ያቀረበችው ሴት ብላዋለች። አሁን ተራው የእሷ ደረሰ ማለት ነው። ወንድሟ መክሯታል። ድመቷ ድናለች፤ ያዥ አያስፈልግም።

«እሺ» አለና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

እሑድ ጠዋት ሸሚዙን ከምስማሩ አውርዶ ለበሰው። ልክክ አለለት። ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆልፎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። ከጎረቤት የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ሄዳ ከግድግዳው ስትጠፋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ።

ክሊኒክ ሲመለስ ጥርሱን ነክሶ ሠራ። ማንንም አላናገረም። ማክሰኞ ዕለት የምርመራ ክፍሉ ጓዳ ውስጥ የብረት ሳጥኖቹን ሲያጥብ ድምፅዋን ከኮሪደሩ ሰማው።

«ያዡ አለ?» አለች።

እጁ ቧንቧው ላይ ነበር። እስከ መጨረሻው ከፈተው። ውሃው በብረቱ ላይ ሲንጋጋ ሌላ ነገር መስማት አይቻልም። «አሁን ምን ልትለኝ ነው? አዝና ልትሸኘኝ?» አለ ለራሱ። የሚታዘንለት ሰው ከመሆን የደነቆረ መሆን መረጠ። ውሃው እንደተከፈተ ቆየ።

ሲዘጋው ኮሪደሩ ዝም ብሎ ነበር። ወጣ። እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ የስፌት መኪና ክዳን ተቀምጧል። ከመረቡ ሥር እሜቴ ዓይኗን አፍጣለች።

«ላንተ ናት» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «ወንድሟ ቤት ድመት አይገባም አሉ። ብሩሿና መርፌዋ ከሥሯ አለ።»

«ሄደች?»

«ውጭ መኪና ይጠብቃት ነበር። ጠራሁህ፤ ውሃ ከፍተሃል።»

ያዡ ክዳኑን ጨበጠው። ክዳኑን ከተወች መኪናዋንም ትታለች ማለት ነው። «ይሁን» አለ ድምፁ እየሻከረ። «ራሷ አይደለች እንዴ እንዳትመጣ ያለችኝ?»

እንግዳ ተቀባይዋ መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተናገረ።

«አንተ ልጅ፣ እየሳቀች እኮ ነው ያለችኝ።»

«ምን?»

«ስልኩ ውስጥ ስትንተከተክ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል፣ "እንዳትመጣ" በዪልኝ፣ እሱ ይገባዋል ነው ያለችኝ። ሁለታችሁ የምታውቁት ነገር መሰለኝ።»

«ለምን... እትዬ፣ ለምን እየሳቀች ነው አላልሽኝም?»

«ሳቅ እንዴት ተብሎ ይነገራል?» አለች። «ደግሞስ መች ጠየቅከኝ? "እሺ" ብለህ ጀርባህን ሰጠኸኝ።»

*

ቤቱ ተቆልፏል። በመስኮቱ ሲያይ ክዳን የሌለው የስፌት መኪናና ራስ የሌላት አሻንጉሊት ብቻ ናቸው ያሉት፤ ወንበሩም የለ።

የመሐንዲሱን ስልክ ያፈላለገችለት እንግዳ ተቀባይዋ ናት። ደውላ፣ በዚያ በማይታወቅ ድምፅዋ «ከክሊኒክ ነው፣ ስለ ድመቷ» ብላ ልብስ ሰፊዋን አስጠራቻትና ስልኩን ሰጥታው፣ አድርጋው የማታውቀውን፣ ወጥታ በሩን ዘጋችለት።

«ሃሎ» አለች። ከኋላዋ የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«እኔ ነኝ።»

«አውቄአለሁ። እሜቴ እንዴት ናት?»

«በላች። ቦረሽኳት።»

«ነከሰችህ?»

«ትንሽ።»

ሁለቱም ሊስቁ ይችሉ ነበር። አልሳቁም።

«አልገባኝም ነበር» አለ ያዡ። «እትዬ ስትነግረኝ... የምር መሰለኝ።»

«ሳህን አቅርቤ ነበር» አለች። «ጋሼ "ይሄ ለማን ነው?" ሲለኝ "ቆይ፣ ታየዋለህ" አልኩት። እስኪመሽ መስኮቱ ጋ ቆሜ ዋልኩ። እሱ እንኳ በመጨረሻ መሳቁን ትቶ አዘነልኝ። ከዚያ ወዲህ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። ማክሰኞ ግን መጣሁ። ቧንቧውን ስትከፍተው ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፣ ሰማሁት።»

ያዡ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ልምጣ? አሁኑኑ እነሳለሁ። ወንድምሽ ፊት እቆማለሁ።»

ጆሮውን ስልኩ ላይ አጥብቆ ያቺን ሳቅ ጠበቀ። ከሆድ የምትነሳውን፣ ተንተክትካ የምትቆመውን። ጭላጯ ብትመጣ ይበቃው ነበር፤ በእግሩም ቢሆን ይሄድ ነበር።

«እንዳትመጣ» አለች።

ሳቅ አልነበረበትም። የልጆቹ ጩኸት ብቻ ነበር።

«ሳቄን እያወቅከው ካላመንከኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዝም ስል ምን ልታስብ ነው? እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም የምል ሰው ነኝ።»

ልጅ ሊጠራት መጣ። «መጣሁ» አለችው ለልጁ። ከዚያ ፈጠን ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሜቴን ማታ ማታ ስትቦርሻት ስሜን ጥራላት። እንዳትረሳኝ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

*

እሜቴ አርጅታለች። ድዷ ከዳነ በኋላ ስኳሯ ተረጋግቶ መርፌው ቀረላት፤ ሐኪሟ አልፎ አልፎ ትለካታለች እንጂ አትወጋም። ብሩሹ ግን አልቀረም። ያዡ ከሥራ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣታል። ለብቻ ሲሆን ከባድ ነው፤ አንድ እጅ ይይዛል፣ አንድ እጅ ይቦርሻል፣ የሚዳብስ እጅ አይተርፍም። የምትተኛው በስፌት መኪናው ክዳን ውስጥ ነው። ነጩ ሸሚዝ ምስማሩ ላይ ነው።

አሁንም ቂም ይይዛል ይላሉ። ይዋሻሉ። መምህሩ ምን እንዳለው ስትጠይቀው ያስባል፣ ይሳሳታል። ሳሙና ያቀረበችውን ሴት መንገድ ላይ አግኝቷት ማዶ መሻገሩን ረስቶ ሰላም ብሏታል። ያቺ አንዲት ቃል፣ «እንዳትረሳኝ»፣ ናት ሌላውን ሁሉ ያስለቀቀችው።

ብሩሹን ሲጨርስ የልብስ ሰፊዋን ስም ይጠራላታል። ቀስ ብሎ፣ አንዴ። የእሜቴ ጆሮ ወደ በሩ ይዞራል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል።

«እንዳትረሳኝ» ያለችው ግን ለማን ነበር? ድመቷ እንዳትረሳት ነው ወይስ እሱን «አትርሳኝ» ማለቷ ነው? የሚለየው በተናጋሪው ድምፅ ነው፤ ድምፅዋን ደግሞ የልጅ ጩኸት ሸፍኖታል። ያዡ አልለየውም።

ስላልለየው ሁለቱም አይረሱም።